ቆጮ፣ ቡላና ቃጫ ከአንድ ተክል፦ የእንሰት ሕዋስ ግድግዳ እንዴት ይሰራል?

በደንብ ያልተከተፈ ቆጮ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ጥርስ መሃል ቀጭን ክር ይቀራል። ብታኝኩት አይደቅም፤ ብትጎትቱት ቶሎ አይበጠስም። ብትውጡትም ሆድ አይፈጨውም፤ እንደገባ ይወጣል። ይህ ክር ምንድን ነው? ቆጮው ራሱስ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ክሩ ብቻ ለምን እንዲህ ጠነከረ?

ከወልቂጤ ወደ እምድብር ብትሄዱ፣ ወይም ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ ብትወጡ፣ በየቤቱ ጓሮ እንሰት አታጡም። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን በርዕሱ ላይ ሳይቀር የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ አንድ ተክል ከክትፎ ጋር የምንበላው ቆጮ ይወጣል፣ ለገንፎና ለአጥሚት የሚሆን ነጭ ቡላ ይወጣል፣ በሬ የሚያስር የቃጫ ገመድም ይወጣል። ገንፎና ገመድ ከአንድ ተክል! የዚህ ሁሉ ምስጢር ያለው በዓይን በማይታይ ነገር ላይ ነው፦ በሕዋስ ግድግዳ።

ዛሬ ይህን ግድግዳ አንድ በአንድ እንፈታዋለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ነገሩ ከሳይንስ ክፍል አልፎ የብዙ ቤተሰብ ቀለብ ጉዳይ የሚሆንበትን ምክንያት ታያላችሁ።

ግድግዳ ያለው ሕዋስ

የእኛም የእፅዋትም ሰውነት ከሕዋሳት (ከሴሎች) የተሰራ ነው። የእኛ ሕዋስ በስስና ለስላሳ ሽፋን ብቻ የተጠቀለለ ነው። የእፅዋት ሕዋስ ግን ከዚያ ሽፋን ውጭ ሌላ ጠንካራ ልባስ ይደርባል። የሕዋስ ግድግዳ የምንለው እሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የጠርሙስ መክደኛ የሚሆነውን ቡሽ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ አየው። የማር እንጀራ የሚመስሉ ትንንሽ ክፍሎች ታዩት፤ ‘ሴል’ የሚለውን ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። የሚገርመው ነገር፣ ቡሽ የሞተ ቅርፊት ስለሆነ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ሕይወት ያለው የውስጥ ክፍል ጠፍቶ የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው። ስለዚህ በሳይንስ ታሪክ ‘ሴል’ ተብሎ መጀመሪያ የተጠራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሕዋስ ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል።

ግድግዳው ለምን ያስፈልጋል? እፅዋት አጥንት የላቸውም። ቀጥ ብለው የሚቆሙት በውሃ ግፊት ነው። የሕዋሱ ውስጥ ከውጭው ይልቅ ስኳርና ጨው የበዛበት ስለሆነ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሱም ይነፋል። እዚህ ላይ የመኪና ጎማን አስቡ። ከመነዳሪውን ብቻውን ብትነፉት እየተለጠጠ ሄዶ ይፈነዳል። ጎማው ውስጥ ሲሆን ግን ጎማው ይይዘዋል፣ ግፊቱም ወደ ጥንካሬ ይለወጣል። የሕዋሱ ስስ ሽፋን ከመነዳሪው ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ጎማው።

ልዩነቱ፣ የእፅዋቱ ‘ጎማ’ ከመኪናው የበለጠ ግፊት መሸከሙ ነው። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 እስከ 2.5 አትሞስፌር አካባቢ ነው። በአንድ የእፅዋት ሕዋስ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 አትሞስፌር ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የለጋ ሕዋስ ግድግዳ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ማይክሮሜትር እንኳን አይሞላም፤ ከፀጉር ውፍረት መቶ እጅ አንዱ ቢሆን ነው።

እንሰትን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሜትር ይደርሳል፤ ግን እንጨት የለውም። ግንድ የሚመስለውም እውነተኛ ግንድ አይደለም፤ የቅጠሎቹ እግር አንዱ በሌላው ላይ ተጠቅልሎ የፈጠረው ነው። እውነተኛው ግንድ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ያለው፣ ተቀቅሎ የሚበላው አሚቾ ነው። ከላይ የምናየው ክፍል ክብደቱ አብዛኛው ውሃ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚያክል ተክል በውሃና በስስ ግድግዳ ቆሞ ይታያል ማለት ነው።

አርማታው ከምን ተሰራ?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አዲስ ሕንፃ ሲሰራ አይታችኋል። መጀመሪያ ፌሮው ይታሰራል፣ ከዚያ ኮንክሪቱ ይሞላበታል። ፌሮው ሲጎተት ይችላል፤ ኮንክሪቱ ሲጫኑት ይችላል። ሁለቱ ሲዋሃዱ አርማታ ይሆናሉ። እኛ ኢንጂነሮች እንዲህ ያለውን ነገር ኮምፖዚት እንለዋለን፤ ድክመታቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ተደጋግፈው አንድ ጠንካራ ነገር ሲሆኑ ማለት ነው። የሕዋስ ግድግዳ ከኛ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቀድሞ ይህንኑ ሲሰራ ኖሯል። ክፍሎቹ አራት ናቸው።

ፌሮው ሴሉሎስ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፓየን እ.ኤ.አ. በ1838 ከተለያዩ እፅዋት ለይቶ ያወጣው ይህ ነገር የተሰራው ከግሉኮስ፣ ማለትም ከስኳር ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ግሉኮሶች ተቀጣጥለው አንድ ረጅም ሰንሰለት ይሰራሉ። ወደ 18 የሚጠጉ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ደግሞ አንድ ቀጭን ዘንግ ይሆናሉ፤ ውፍረቱ 3 ናኖሜትር ያህል ነው፣ ከፀጉር ከ20,000 ጊዜ በላይ ይቀጥናል። አልለጠጥም በማለት ይህ ዘንግ የብረትን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይደርሳል። ክብደቱ ግን ከብረት አምስት እጅ አንዱ ነው። ኪሎ በኪሎ ካወዳደርነው እንግዲህ ሴሉሎስ ብረትን ያስንቃል።

ሁለተኛው ሄሚሴሉሎስ ነው። ግንበኛ ፌሮውን በቀጭን ሽቦ እንደሚያስረው፣ ይህም የሴሉሎሱን ዘንጎች ከሌላው ክፍል ጋር ያያይዛል።

ሦስተኛው ፔክቲን ነው። እንደ ጄል ውሃ ይይዛል፤ ማርማላታን የሚያረጋውም እሱ ነው። ሕዋስን ከጎረቤቱ ሕዋስ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫም በአብዛኛው ፔክቲን ነው፤ በካልሲየም እየተቆላለፈ ይጠነክራል።

አራተኛው ሊግኒን ነው። ይህ በሁሉም ሕዋስ ላይ አይገኝም። ማደጉን ጨርሶ ሸክም ለመሸከም ወይም ውሃ ለማመላለስ የተመደበ ሕዋስ ከመጀመሪያው ግድግዳ ውስጥ ሌላ ወፍራም ግድግዳ ይደርባል፤ በሊግኒንም ያደርቀዋል። ሊግኒን የገባበት ግድግዳ ውሃ እንደልብ አያሳልፍም፣ አይለጠጥም፣ በቀላሉም አይበሰብስም። ባሕር ዛፍን እንጨት ያሰኘው እሱ ነው።

አንድ ተክል፣ ሁለት ዓይነት ግድግዳ

አሁን ወደ ጓሮ እንመለስ። የደረሰው እንሰት ይቆረጣል፣ ቅጠል እግሩ አንድ በአንድ ይላጣል፣ ከዚያ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ተደርጎ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል። ሥራው በልማድ የሴቶች ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ በጋራ ይሰራል፣ ክንድና ወገብንም ይፈትናል። ጥቂት ቆይቶ ከጣውላው በታች ለስላሳ ነጭ ፍቅፋቂ ይከመራል፤ ጣውላው ላይ ደግሞ ረጃጅም ነጫጭ ክሮች ይቀራሉ። ክሮቹ ቃጫ ናቸው።

እዚህ ላይ የሆነውን ልብ በሉ። መፋቂያው አንድ፣ የክንዱ ኃይል አንድ፣ ተክሉም አንድ ነው። ታዲያ ግማሹ ደቆ ግማሹ ለምን ሳይነካ ቀረ?

መልሱ ግድግዳው ነው። ለስላሳው ክፍል የምግብ ማከማቻ ሕዋሳት ናቸው። ግድግዳቸው ስስ ነው፣ ሊግኒን የለበትም ማለት ይቻላል፤ እርስ በርስ የተያያዙትም በፔክቲን ነው። ሲፋቁ ይቀደዳሉ። ቃጫው ግን ረጃጅም ሕዋሳት ጫፍ ለጫፍ ተያይዘውና ተጠቃለው የሰሩት እሽግ ነው። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ ከግማሽ በላዩ ሴሉሎስ ነው፣ ሊግኒንም ተጨምሮበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሴሉሎስ ዘንጎቹ በአብዛኛው የተዘረጉት በክሩ ርዝመት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ወደ ጎን መሰንጠቅ ይቻላል፤ በርዝመቱ ጎትቶ መበጠስ ግን ከባድ ነው። መፋቂያውም የሚሄደው በርዝመቱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የእንሰት ሥራ ስስ ግድግዳን ከወፍራም ግድግዳ መለየት ነው፤ እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ያለ ማይክሮስኮፕ ነው።

ቡላውስ? እነዚያ ስስ ግድግዳ ያላቸው ሕዋሳት በስታርች እንክብል የተሞሉ ናቸው። ግድግዳው ካልተቀደደ ስታርቹ አይወጣም። ፍቅፋቂው ሲጨመቅ ውሃው የተፈቱትን እንክብሎች ይዞ ይወርዳል፤ ሲቀመጥ ስታርቹ ከታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ከላይ ይደፋል። ከታች የቀረው ነጭ ነገር ቡላ ነው። ቡላ ለስላሳ የሚሆነው ግድግዳዎቹ ወደኋላ ስለቀሩ ነው። ቆጮ ደግሞ የተቀደዱት ግድግዳዎችና ከውስጣቸው ያልወጣው ስታርች አንድ ላይ ሆነው ነው።

ከአሚቾው የሚዘጋጀው እርሾ ከተጨመረ በኋላ ቆጮው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። አየር በሌለበት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ቆጮው እየኮመጠጠ ፒኤቹ ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል። ለዚያ ነው ቶሎ የማይበላሸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በዋናነት የሚጠቀሙት ስኳሩንና ስታርቹን ነው። ሴሉሎሱን ግን አይደፍሩትም፤ ዓመት ቢቆይም ክሩ ክር ነው። ስለዚህ ቆጮ ከመጋገሩ በፊት የሚከተፈው ለማሳመር ብቻ አይደለም። ባክቴሪያ ያልቻለውን ክር በቢላ ለማሳጠር ነው።

ሆዳችን ክሩን ለምን አይፈጨውም?

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ስታርችም ሴሉሎስም የተሰሩት ከአንድ ዓይነት ጡብ፣ ከግሉኮስ ነው። የሚለያዩት በአገጣጠማቸው ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረው ይያያዛሉ፤ ሰንሰለቱም ይጠማዘዛል። በሴሉሎስ ውስጥ ደግሞ አንዱ ወዲህ ሲዞር ቀጣዩ ወዲያ ይዞራል። ውጤቱ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው። ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ደግሞ እንደ እርሳስ እሽግ ጥብቅ ብለው ይደረደራሉ።

በምራቃችንና በአንጀታችን ያለው ኢንዛይም የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ይፈታል፣ ሁለተኛውን ግን አያውቀውም። ላምም ራሷ አታውቀውም፤ በሆዷ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ግን ያውቁታል። የእንሰት ቅጠል ለላሟ ምግብ የሚሆነው በእነሱ ነው። ለእኛ ሴሉሎስ ጉልበት አይሰጥም፤ ሆኖም አንጀት ሥራውን በደንብ እንዲሰራ ያግዛል። ጤና ባለሙያዎች አሰር ያለው ምግብ ብሉ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ግድግዳውን የሚያልፍ ጠላት

እስካሁን ግድግዳውን ያየነው ምግብ ፈልገን ነው። ምግብ የሚፈልጉት ግን እኛ ብቻ አይደለንም። የሕዋስ ግድግዳ ለእፅዋት የመጀመሪያው የመከላከያ መስመር ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ ጤነኛ ግድግዳን በራሱ ሰብሮ መግባት አይችልም። ቀዳዳ ይፈልጋል።

በእንሰት አምራች አካባቢዎች ሁሉ የሚታወቅ አንድ ክፉ በሽታ አለ፤ የግብርና ባለሙያዎች የእንሰት አጠውልግ በሽታ ይሉታል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች መንስኤው ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ ዘግበዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1974፣ በሙዝም ላይ መገኘቱ ተዘገበ። እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሚገርም አይደለም። በ2001 ደግሞ በሽታው በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ሙዝ አምራቾች ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ።

ባክቴሪያው ወደ እንሰቱ ከሚገባባቸው በሮች ዋነኛው ቢላ ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ፣ በአንድ ምት ግድግዳውን ይከፍታል፣ ባክቴሪያውንም ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ወደ ውሃ ቱቦዎቹ ይዘልቃል። እነዚህ ቱቦዎች ውስጣቸው ሞቶ ግድግዳቸው ብቻ የቀረ ሕዋሳት ናቸው፤ ሊግኒን ስላለባቸው ውሃ ወደ ላይ ሲሳብ አይጨፈለቁም። ለባክቴሪያው ግን የተጠረገ መንገድ ናቸው። እዚያ ውስጥ እየተራባ ቱቦውን ይዘጋል። የዛንቶሞናስ ወገን ባክቴሪያዎች በተጨማሪም ሴሉሎስንና ፔክቲንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ። ውሃ ሲቋረጥ የሕዋሶቹ ግፊት ይወድቃል፤ ጎማው ይተነፍሳል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ይሰበራል። የታመመው ቢቆረጥ ቢጫ ወይም ክሬም መልክ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ያ ፈሳሽ በባክቴሪያ የተሞላ ነው።

ተክሉ ዝም ብሎ አይመታም። ፔክቲን ሲቆረጥ ቁርጥራጮቹ ራሳቸው የማስጠንቀቂያ ደወል ይሆናሉ፤ ጎረቤት ሕዋሳት ደወሉን ሰምተው ግድግዳቸውን ያወፍራሉ፣ ሊግኒንም ይጨምራሉ። አንዳንድ የእንሰት ዝርያዎች ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ማዚያ የተባለው በዚህ ይታወቃል። ነገር ግን የታመመን እንሰት የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። እንሰት ደግሞ እንደ ጎመን በሁለት ወር አይተካም፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። አንድ ጓሮ ሲጠፋ የጠፋው የአንድ ዓመት ምርት ሳይሆን የብዙ ዓመት ቀለብ ነው። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ላይ ይተማመናል ሲባል፣ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ግድግዳው እንዴት እንደሚሰራ የገባው ሰው ግን መከላከያውም ይገባዋል። ቢላውን ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመውሰድ በፊት እሳት ላይ በደንብ ማጋል ወይም በበረኪና ማጽዳት፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር እንጂ መንገድ ዳር አለመጣል፤ ከብት የታመመውን በልቶ ወደ ጤነኛው እንዳይሄድ መከልከል፤ ችግኝ ከጤነኛ ጓሮ ብቻ መውሰድ። ሁሉም የሚሰሩት አንድ ነገር ነው፦ ባክቴሪያውና የተከፈተ ግድግዳ እንዳይገናኙ ማድረግ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሞክሩት

የሕዋስ ግድግዳን ሥራ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት ሙከራዎች ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው፦ ከአንድ ድንች ሁለት እኩል ጣት የሚያህሉ ቁራጮች አውጡ። አንዱን ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው የተበጠበጠበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አጥፏቸው። ንጹህ ውሃ ውስጥ የነበረው ግትር ይላል፤ ጨው ውስጥ የነበረው ይተጣጠፋል። ጨዉ ውሃውን ከሕዋሶቹ ስቦ አወጣው፤ ግድግዳው አለ፣ የሚገፋው ግፊት ግን የለም። የጠወለገ እንሰት የሚሆነው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው፦ ድንች ከትፋችሁ በሁለት ድስት ቀቅሉ፤ በአንዱ ውሃ ላይ ብዙ ሎሚ ጨምቁበት። የሎሚው ድንች ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱ ፔክቲን ነው። ምግብ በሰለ የምንለው በአብዛኛው ሕዋሶቹን ያጣበቀው ፔክቲን ቀልጦ ሲላቀቁ ነው፤ አሲድ ውስጥ ግን ፔክቲን በቀላሉ አይሟሟም። ወጥ ውስጥ ቲማቲም ቀድሞ ሲበዛ ድንቹ አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው። እናታችሁ ይህን ከእናንተ በፊት ታውቀዋለች፤ ምክንያቱን ግን አሁን እናንተ ልትነግሯት ትችላላችሁ።

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ቃጫን ከፕላስቲክ ጋር አዋህዶ ቀላልና ጠንካራ ቁስ ለመስራት የሚጥሩ ተመራማሪዎች አሉ። የሚገጥማቸው ፈተና እንኳ ከዚሁ ግድግዳ ይመጣል፦ ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ ውሃ ይወዳሉ፣ ፕላስቲክ ደግሞ ውሃ ይሸሻል፤ ሁለቱ በደንብ አይጣበቁም። ለዚህ ነው ቃጫው አስቀድሞ በሶዳ ውሃ የሚታጠበው፤ ሶዳው ሄሚሴሉሎሱንና ቆሻሻውን ከላዩ ያነሳለታል። እንግዲህ ከናንተ ውስጥ ኢንጂነር ለመሆን የሚያስብ ካለ፣ ጉብሬ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያውን እንሰት ከቦታል፤ የምርምር ቁሱ ከግቢው አጥር ውጭ በቅሎ ይጠብቃችኋል።

እስከዚያው ግን ዛሬውኑ የምትሰሩት አንድ ነገር አለ። ቤታችሁ ወይም አያቶቻችሁ ቤት እንሰት ካለ፣ የሚቆረጥበት ቢላ በመጨረሻ ምን እንደነካ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ከሌለ፣ ጤነኛው እንሰት ጋ ከመድረሱ በፊት እሳት ላይ አግሉት።